ከኤክስ በአምስት የሚያንስ፦ የቢዝነስ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና የሒሳብ ክፍል እንዴት ይሠራል?

ካዛንቺስ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ምሳ የበላ ሰው ከደረሰኙ ግርጌ 1,265 ብር የሚል ቁጥር አገኘ እንበል። በዚህ ገንዘብ ውስጥ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ አለ። በምግቡ ዋጋና በሰርቪስ ቻርጁ ድምር ላይ የታሰበ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስም አለ። የምግቡ ዋጋ ብቻውን ስንት ነበር? ካልኩሌተር አይፈቀድም፤ የተሰጠው ጊዜ ሁለት ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ነው።

ብዙ ሰው 10 እና 15ን ደምሮ ከጠቅላላው ላይ 25 በመቶ ይቀንስና 948 ብር ከ75 ሳንቲም ይላል። ጠንቀቅ ያለው ደግሞ በመጀመሪያ 15 በመቶ፣ ቀጥሎ 10 በመቶ ይቀንስና ወደ 967 ብር ከ73 ሳንቲም ይደርሳል። ሁለቱም ተሳስተዋል። መልሱ 1,000 ብር ነው፦ በ1,000 ላይ 100 ሲጨመር 1,100፤ የ1,100 15 በመቶ 165፤ ድምሩ 1,265። ሁለቱም ሰዎች መደመርና መቀነስ አላቃታቸውም። የሳቱት መቶኛው «የምን» መቶኛ እንደሆነ ነው። ታክሱ የታሰበው ከ1,100 ብር ሲሆን እነሱ ግን የቀነሱት ከ1,265 ነው።

በእውነተኛ ፈተና ላይ ይህ ጥያቄ ቢመጣ፣ 948.75 እና 967.73 ከአምስቱ ምርጫዎች መካከል ተደርድረው ይጠብቁ ነበር። የተሳሳቱት ምርጫዎች በዘፈቀደ አይጻፉም። ጥያቄ አውጪው ተፈታኞች በየት በኩል እንደሚስቱ ያውቃል፤ እያንዳንዱ የተሳሳተ መንገድ የሚያደርስበትን ቁጥር አስልቶ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ «ያገኘሁት ቁጥር ከምርጫዎቹ ውስጥ አለ» ማለት ለትክክለኛነት ማስረጃ አይሆንም።

የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተና የሒሳብ ክፍል በአብዛኛው የተሠራው ከእንዲህ ዓይነት ጥያቄዎች ነው። በአዲስ አበባ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚዘጋጅ ሠራተኛ ሁለት ዓይነት ፈተና ሊገጥመው ይችላል። አንደኛው የአገር ውስጡ ነው። በ1943 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውና ሰንጋ ተራ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤትም ሆነ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት፣ የትምህርት ሚኒስቴር በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሰጠውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ውጭ አገር ኤም ቢ ኤ ለመማር የሚያስቡ ሰዎች የሚወስዱት ጂማት ነው። ጂአርኢ የተባለውን ፈተና የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶችም ብዙ ናቸው። በሦስቱም ውስጥ በቁጥር የማሰብ ችሎታን የሚለካ ክፍል አለ። እዚህ በስፋት የማነሣው የጂማቱን ነው፤ አሠራሩ በይፋ የተብራራ በመሆኑ በእሱ በኩል ሌሎቹንም ለመረዳት ይቀላል።

ጂማት የመነጨው ከአሜሪካ ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. ዘጠኝ የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ተሰብስበው አንድ የጋራ መመዘኛ ለማዘጋጀት ተስማሙ፤ በቀጣዩ ዓመት ፈተናው መሰጠት ጀመረ። ችግራቸው ግልጽ ነበር። አንዱ አመልካች ምሕንድስና፣ ሌላው ታሪክ፣ ሦስተኛው ሒሳብ አያያዝ ተምሯል፤ የዩኒቨርሲቲዎቻቸው ውጤት አሰጣጥም የተለያየ ነው። እነዚህን ሰዎች በአንድ ሚዛን ለማስቀመጥ የሚቻለው ሁሉም በተማሩት ነገር ብቻ ከተመዘኑ ነው። ሁሉም የተማሩት ሒሳብ ደግሞ ከአንደኛ ደረጃ እስከ ሁለተኛ ደረጃ መጀመሪያ ያለው ነው። ካልኩለስ የሌለው፣ ማትሪክስ የሌለው በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የጂማት ቅጽ ጂኦሜትሪን እንኳ ከሒሳብ ክፍሉ አውጥቷል። የቀረው ክፍልፋይ፣ መቶኛ፣ ጥምርታ፣ አማካይ፣ የቁጥሮች ባሕርይ (ተጋማሽና ኢተጋማሽ፣ ብቸኛ ቁጥሮች፣ ተካፋይነት)፣ ቀላል አልጀብራ፣ የፍጥነትና የሥራ ጥያቄዎች፣ ቆጠራና ፕሮባቢሊቲ ነው።

ይዘቱ ቀላል ከሆነ ፈተናው ሰዎችን የሚለየው በምንድን ነው? መሐንዲሱና አካውንታንቱ ለምን ይቸገራሉ? ምክንያቶቹ ከአንድ በላይ ናቸው።

የመጀመሪያው የመሣሪያ ልማድ ነው። ካዛንቺስን እንውሰድ። ስሟን ያገኘችው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ካዜ ኢንቺስ ከተባሉ ቤቶች ነው፤ ዛሬም የቢሮ ሠራተኛ የሚበዛባት ሰፈር ናት። በባንክ፣ በኢንሹራንስ፣ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ዙሪያ ባሉ መሥሪያ ቤቶች የሚሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ ከቁጥር ጋር ይውላል። የሚያሰላው ግን ኤክሴል ነው። ሠራተኛው ቀመሩን ይጽፋል፤ 17ን በ14 ማባዛት፣ 3/8 ስንት በመቶ እንደሆነ ማወቅ ከእሱ አይጠበቅም። ዐሥር ዓመት ያልተሠራበት ክህሎት ይዝጋል። የሰፈር ባለሱቅ በዚህ ረገድ ከአካውንታንቱ ይሻላል፤ መልስ ሲሰጥ ቁጥሩን ይሰባብራል፣ ያጠጋጋል፣ ከዚያ ያርማል። በጂማት የሒሳብ ክፍል ካልኩሌተር ስለማይፈቀድ የሚፈለገው የባለሱቁ ዘዴ ነው። የአንድ ቁጥር 15 በመቶ ሲጠየቅ ዐሥረኛውን ወስዶ ግማሹን መጨመር፣ 12.5 በመቶ ሲባል አንድ ስምንተኛን ማየት።

ሁለተኛው ምክንያት ቋንቋ ነው። እኔ ከሁሉም በላይ የሚመዝነው ይህ ይመስለኛል፤ የሚወራለት ግን በጣም ጥቂት ነው። በአገራችን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆች ክፍልፋይን፣ መቶኛንና ጥምርታን የሚማሩት በአብዛኛው በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ነው። በብዙ ክልሎች ከ7ኛ ወይም ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የሒሳብ ትምህርት ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራል። ይህ ሽግግር በአልጀብራ መጀመሪያ አካባቢ የሚደርስ በመሆኑ፣ አንድ ሰው ሁለት የሒሳብ ቋንቋ ይዞ ያድጋል፤ ሲሶውን፣ እሩቡን፣ እጥፉን በአማርኛ፣ ኤክስና ዋይን በእንግሊዝኛ። የመግቢያ ፈተናው የሚጠይቀው ደግሞ የታችኛውን ክፍል ሒሳብ በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ነው። ተፈታኙ ጉዳዩን የሚያውቀው በአንድ ቋንቋ፣ የሚጠየቀው በሌላ ቋንቋ ይሆናል።

ጉዳቱ የት ላይ እንደሚደርስ ቀረብ ብለን እንይ። በእንግሊዝኛ «ፋይቭ ሌስ ዛን ኤክስ» የሚል ሐረግ ተጻፈ። ከግራ ወደ ቀኝ በቅደም ተከተል የጻፈ ሰው አምስት ሲቀነስ ኤክስ ብሎ ያስቀምጣል፤ ይህ ስህተት ነው። ትክክሉ ኤክስ ሲቀነስ አምስት ነው። ይኸው ሐረግ በአማርኛ ሲነገር ግን «ከኤክስ በአምስት የሚያንስ» ይሆናል፤ ኤክስ ይቀድማል፣ አምስት ይከተላል፣ መቀነሱ በመጨረሻ ይመጣል። የአማርኛው አገባብ ከአልጀብራው ቅደም ተከተል ጋር ይገጥማል። ከዚህም በላይ «ከ» የሚነጻጸርበትን መሠረት፣ «በ» ልዩነቱን ለይተው ይነግሩናል። «ከዋይ በ25 በመቶ የሚበልጥ» ሲባል መቶኛው የዋይ መቶኛ ስለመሆኑ ጥርጥር የለም። «የዋይ 25 በመቶ» ሲባል ደግሞ «የ» መሠረቱን ያሳያል። በደረሰኙ ጥያቄ ብዙ ሰው የሳተው ይህን መሠረት ባለመጠየቁ ነበር። እንግዲህ የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር በልብ ወደ አማርኛ መልሶ «ከምን? በምን? የምን?» ብሎ መጠየቅ ጊዜ አያባክንም፤ ስህተት ይከላከላል። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ አለ። «እጥፍ» የሚለው ቃላችን ላላ ያለ ነው። «በሁለት እጥፍ ጨመረ» ሲባል አንዱ ሰው ሁለት ጊዜ ሆነ ብሎ ሲረዳ፣ ሌላው በነበረው ላይ ሁለት ጊዜ ተጨምሮ ሦስት ሆነ ብሎ ይረዳል። ይህ ቃል ሲመጣ በቁጥር ሞክሮ ማረጋገጥ ያሻል።

የሕይወት ልምድም እንዲሁ ሊያግዝ ይችላል። ዐሥራ ሁለት አባላት ባሉት እቁብ ውስጥ ሁለት ጓደኛሞች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዕጣዎች የማውጣታቸው ዕድል ስንት ነው? እቁብ የጣለ ሰው ዕጣ የደረሰው ስም ተመልሶ እንደማይገባ ያውቃል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር ዕድላቸው ሁለት ከዐሥራ ሁለት፣ በሁለተኛው አንድ ከዐሥራ አንድ ነው፤ ሲባዛ አንድ ከ66። መጽሐፎቹ «መልሶ ሳይተኩ መምረጥ» እያሉ በረጅሙ የሚያስተምሩት ሐሳብ ይኸው ነው።

ሦስተኛው ምክንያት የፈተናው አሠራር ራሱ ነው። እኛ ያደግንበት ፈተና በወረቀት ላይ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ ይመጣል፤ ውጤቱም የትክክለኛ መልሶች ብዛት ነው። ጂማት እንዲህ አይደለም። ኮምፒውተሩ ተፈታኙ የቀደሙትን ጥያቄዎች እንዴት እንደመለሰ እያየ ቀጣዩን ይመርጣል፤ ያገኘ ከበድ ያለ፣ የሳተ ቀለል ያለ ይመጣለታል። የዓይን ሐኪም ግድግዳ ላይ የሰቀለውን ሰሌዳ አስቡ። ፊደሎቹ ከላይ ትልቅ፣ ወደ ታች እያነሱ የሚሄዱ ናቸው። ማንም ሰው ማንበብ የማይችልበት መስመር ላይ መድረሱ አይቀርም፤ ሐኪሙ የሚመዘግበው ያ መስመር የትኛው እንደሆነ ነው። ጂማትም የሚፈልገው ተፈታኙ የሚቆምበትን መስመር ነው። ስለዚህ ብዙ ጥያቄ መሳት በጥሩ ተፈታኝም ላይ ይደርሳል፤ ጥያቄዎቹ እየከበዱ መሄዳቸው የውድቀት ምልክት አይደለም። ይህን የማያውቅ ተፈታኝ መሃል ላይ ይደነግጣል።

ከዚህ ሌላ ነገር ይከተላል። በአገራችን ለፈተና መዘጋጀት ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ያለፉ ዓመታት ጥያቄ ነው። ጥያቄው ከብዙ ክምችት ለእያንዳንዱ ሰው ተመርጦ በሚመጣበት ፈተና ግን የድሮ ጥያቄ መሸምደድ ዋጋ የለውም። አሮጌ መጻሕፍት ለሚገዙም አንድ ነገር ልንገር። ከ2023 እ.ኤ.አ. በፊት የታተሙ የጂማት መጻሕፍት የጂኦሜትሪ ምዕራፍ አላቸው፤ ቀጥሎ የምገልጸውን የመረጃ በቂነት ጥያቄም በሒሳብ ክፍሉ ውስጥ ያስቀምጡታል። አሁን ጥያቄው መረጃን ለመተንተን ወደተመደበው ሌላ ክፍል ተዛውሯል። እዚያ በስክሪን ላይ ካልኩሌተር አለ።

የመረጃ በቂነት ጥያቄ መልሱን አይጠይቅም፤ መልሱን ለማግኘት የተሰጠው መረጃ ይበቃል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ምሳሌ፦ በአንድ መሥሪያ ቤት ስንት ሴት ሠራተኞች አሉ? የመጀመሪያው መረጃ የሴቶችና የወንዶች ጥምርታ 3 ለ 2 ነው ይላል። ሁለተኛው የሠራተኞቹ ጠቅላላ ቁጥር ከ30 ይበልጣል፣ ከ40 ያንሳል ይላል። ለየብቻቸው አይበቁም። አብረው ሲታዩም ብዙ ሰው «ትክክለኛ ድምር ስላልተሰጠ አይበቃም» ይላል። ነገር ግን ሰው በክፍልፋይ አይቆጠርም። ጥምርታው 3 ለ 2 ከሆነ ጠቅላላው ለአምስት መካፈል አለበት፤ በ30ና በ40 መካከል ለአምስት የሚካፈለው 35 ብቻ ነው። ሴቶቹ 21 ናቸው፤ መረጃው ይበቃል። ሥራ አስኪያጅ ከሚያስፈልገው ነገር ጋር የዚህን ያህል የሚቀራረብ ጥያቄ በፈተናው ውስጥ ሌላ የለም፤ ጥናት ከማዘዝ በፊት በእጅ ያለው ይበቃ እንደሆነ መመርመር ማለት ነው።

አራተኛው ጊዜ ነው። በሒሳብ ክፍሉ 21 ጥያቄ በ45 ደቂቃ ይሠራል፤ ለአንዱ ወደ 129 ሰከንድ ይደርሳል። ተፈታኙ «ይህን ሳልፈታ አልሄድም» ብሎ ሦስት ጥያቄዎች ላይ አራት አራት ደቂቃ ቢያጠፋ፣ ከድርሻው በላይ የወሰደው ወደ 333 ሰከንድ ነው፤ ከሁለት ጥያቄ በላይ ጊዜ ተበላ ማለት ነው። ፈተናው ሳይመለስ በቀረ ጥያቄ ላይ ቅጣት ስለሚጥል መጨረሻ ላይ የሚቀሩት ጥያቄዎች ውጤቱን ክፉኛ ይጎዱታል። በትምህርት ቤት ትዕግሥት ተብሎ የተመሰገነው ጠባይ እዚህ ዕዳ ይሆናል። በአዲሱ ቅጽ ጥያቄን ምልክት አድርጎ ማለፍና በክፍሉ መጨረሻ ተመልሶ እስከ ሦስት መልስ መቀየር ይቻላል። ይህ የሚጠቅመው ግን የተረፈ ጊዜ ላለው ነው። የማይፈታ ጥያቄን በሁለት ደቂቃ ውስጥ ለይቶ፣ ሊሆኑ የማይችሉትን ምርጫዎች ሰርዞ፣ ከቀሩት አንዱን መርጦ ማለፍ ልምምድ የሚጠይቅ ክህሎት ነው።

እነዚህ አራት ምክንያቶች አንድ ላይ ሲታዩ ዝግጅቱ ወዴት መሄድ እንዳለበት ይነግሩናል። ብዙ ሰው ወደ ላይ ይሄዳል፤ ከባድ ጥያቄ፣ አዲስ ቀመር፣ ወፍራም መጽሐፍ ይፈልጋል። ምክንያቶቹ የሚያሳዩት ግን መንገዱ ወደ ታች እንደሆነ ነው፤ ወደ 5ኛ፣ 6ኛና 7ኛ ክፍል ሒሳብ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ሳምንታት ለክፍልፋይና ለመቶኛ ቅየራ፣ እስከ 20 ላሉ ቁጥሮች ካሬ፣ ለተካፋይነት ሕግ፣ ዓረፍተ ነገርን ወደ ቀመር ለመመለስ መስጠት ተገቢ ነው። ያለ ካልኩሌተር። ቢሮ ውስጥም ቢሆን ኤክሴሉ መልሱን ከማሳየቱ በፊት በግምት መናገር ይለመድ።

ቀጥሎ የስህተት ደብተር ይመጣል። የተሳተ ጥያቄ ሁሉ ይጻፋል፤ ከአጠገቡ ከሚከተሉት አራት የስህተት ዓይነቶች አንዱ ይሰፍራል፦ አላውቀውም፣ ያልተጠየቀውን መለስኩ፣ ስሌት ተሳሳትኩ፣ ጊዜ አጠረኝ። መድኃኒታቸው የተለያየ ነው። «አላውቀውም» የሚበዛበት ሰው መማር አለበት፤ «ያልተጠየቀውን መለስኩ» የሚበዛበት ሰው ተጨማሪ ሒሳብ ቢማር አይሻሻልም፤ ማንበብ ነው የጎደለው። ደብተሩ ካልተያዘ ይህ ልዩነት አይታይም፤ ሰውየው በደፈናው «ማትስ አይሆንልኝም» ይላል። የተሳተው ጥያቄ ከሳምንት በኋላ መልሱ ሳይታይ እንደገና መሠራት አለበት። መፍትሔውን አንብቦ «ገባኝ» ማለት አንድ ነገር ነው፤ በባዶ ወረቀት ላይ መድገም ሌላ።

ስለ ጊዜና ገንዘብም መናገር ያስፈልጋል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ብዙው የካዛንቺስ መኖሪያ ክፍል በኮሪደር ልማት ምክንያት ሲፈርስ፣ ብዙ ነዋሪዎቿ ገላን ጉራን ወደመሳሰሉ የከተማዋ ዳርቻዎች ተዛውረዋል። ቀድሞ ከቢሮ ወደ ቤቱ በእግሩ ይሄድ የነበረ ሠራተኛ አሁን የምሽቱን የጥናት ሰዓት በታክሲና በአውቶቡስ ሰልፍ ላይ ያጠፋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ከሥራ ወጥቶ ወደ ቤት ከመሄዱ በፊት አንድ ሰዓት በዚያው አካባቢ ማጥናት ይሻለዋል። በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው የአራት ኪሎው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከካዛንቺስ ሩቅ አይደለም። የታክሲውን ሰዓት ደግሞ በቃል ስሌት መጠቀም ይቻላል። ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ የጂማት ክፍያ በውጭ ምንዛሪ ነው። በብዙ አገሮች በፈተና ጣቢያ ለሚወሰድ ጂማት 275 ዶላር ይጠየቅ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ገበያው ከመለቀቁ በፊት፣ አንዱ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ፣ ይህ 15,700 ብር ያህል ነበር። ዶላር 100 ብር ሲያልፍ ከ27,500 ብር በላይ ሆነ። ስለዚህ «አንዴ ልሞክረውና ልየው» ብሎ መመዝገብ ውድ ሙከራ ነው።

ለመሞከር መክፈል አያስፈልግም። የፈተናው ባለቤት የሆነው ድርጅት ትክክለኛውን አሠራር የሚከተሉ ሁለት ሙሉ የልምምድ ፈተናዎችን በነጻ ይሰጣል። አንደኛውን ምንም ሳትዘጋጁ፣ መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት፣ ሰዓት ይዛችሁ ውሰዱት፤ የስህተት ደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ከእሱ ይሞላል። ሁለተኛውን ከፈተናው ሁለት ሳምንት በፊት እስኪደርስ ድረስ አትክፈቱት።